ክንፉን የጣለው ጫጩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ (ማቴ. 23፥37) ራሱን በአንበሳ ወይም በንስር አልመሰለም፤ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር በምትሰበስብ ዶሮ መሰለ እንጂ። ይህን ምሳሌ እኛ የደባርቅና የዳባት ልጆች ከቆላ ሰው ይልቅ የምናስተውለው ይመስለናል፤ ብርድን እናውቃለንና።

ጊች 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ፣ ጅባራና ጓሳ የሚበቅልበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ነው። በዚያ ገብስ እያረሱ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ስለ ፓርኩ ሲባል በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እርሻውና ግጦሹ ከኋላው ቀርቶ ከተማ ለገባ ቤተ ሰብ በግቢው የምትጭር አንዲት ዶሮ ቀላል ሀብት አይደለችም። ስለዚህ ስለ ጫጩት መጻፋችን ጨዋታ አይምሰላችሁ።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የገላውን ሙቀት ራሱ ሊጠብቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ላባ እያወጣ ሲሄድ ይቀንሳል። እናቲቱ ካለች እርስዋ ትበቃለች። ታሞ ክንፉን ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥግ የያዘውን ግን ከሌሎቹ ለይተን፣ ድርቆሽ በተጎዘጎዘበት ሣጥን አኑረን፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኑ እናስቀምጥለት። ምድጃ ሥር ማኖር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ሳንባውን ይጎዳዋል (የእናቶቻችንንም ዓይን አንርሳ)። ቀጥሎ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ነው። ምንቃሩን ነከር ማድረግ ይበቃል፤ በግድ ቢያፈሱበት ይታነቃል። በኩሱ ደም ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላልና፣ መድኃኒት ስላለው ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ፈጥነን እንሂድ።

ፈንግል ግን ሌላ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መጠምዘዝ ያመጣል። ከያዘ በኋላ የሚፈውሰው የለም፤ የሚከላከለው አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው፤ እርሱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል።

እንግዲህ ነገሩ ከጫጩት አልፎ ወደ እኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቤት በሽታ በገባ ጊዜ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ገና በእግራቸው ቆመው ሳሉ ወደ ገበያ! በበዓል ዋዜማ ደግሞ ገዢ አይጠፋም። ሻጩ ጥቂት ብር ያገኛል፤ የገዛችው ሴት ግን በሽታውን ተሸክማ ወደ ግቢዋ ትገባለች፤ ብዙም ሳይቆይ የእርስዋም የጎረቤቶችዋም ቆጥ ባዶ ይቀራል። እኛ ይህን ሌብነት እንለዋለን፤ ከሳሽ ባይኖረውም። «ችግር ነው ያሸጠን» የሚል ይኖራል። ችግሩን አናቃልልም፤ የገዛችው ግን ከሻጩ ይልቅ የተቸገረች ልትሆን ትችላለች። ከጊች ከወረዱት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጌታም ባልንጀራው ማን እንደሆነ ለጠየቀው ሕግ አዋቂ (ሉቃ. 10) ያሳየው በእምነት የማይመስለውን ሳምራዊ ነው።

ስለዚህ የታመመውን አንሽጥ፤ የሞተውንም ለውሻ ወይም ወደ ወንዝ ሳንጥል በጥልቅ እንቅበር፤ ለጎረቤትም «በቤታችን በሽታ ገብቷልና ዶሮዎችሽን አትልቀቂ» ብለን እንንገር። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ይሁን እንጂ እንናገር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። በዚህም ምክንያት ሦስት ዶሮ ብቻ ያለው ቤት ለብቻው ለማስከተብ ይቸገራል። ቤት ለቤት ዞረን፣ የክርስቲያን ቤት የሙስሊም ቤት ሳንል፣ ዶሮዎቹን ቆጥረን መዝግበን ባለሙያውን በአንድ ቀን መጥራት የእኛ የወጣቶች ሥራ ይሁን። ለምዝገባው አንድ ደብተርና ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቁናል።