ማዕበል ሳይደርስ ቤትን ስለ ማሰናዳት

ውድ አንባቢ ሆይ፥ በደጋው አገር ተወልደህ ያደግህ ከሆንህ በረዶንና መብረቅን፥ ድልድይ የሚወስደውንም የክረምት ጐርፍ ታውቃለህ፤ ነገር ግን ባሕር ከወሰኑ ወጥቶ በሰው ቤት መስኮት ሲገባ አላየህ ይሆናል። ከወገናችን ግን ብዙዎች ዛሬ በአሜሪካ አገር፥ ይልቁንም በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ፥ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሳይርቁ ቤት ገዝተው ልጆች ወልደው ይኖራሉ። እኛ በጳጕሜን መጨረሻ ለዐውደ ዓመት ዶሮና ቅቤ ስንገዛ፥ ልጆቻችንም ችቦ ሲያስሩ፥ በዚያ አገር የባሕሩ ዐውሎ ነፋስ እጅግ የሚበረታበት ሳምንት ነው። እንግዲህ ይህን ጽሕፈት የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለህ አታስቀምጠው፤ ምናልባት እኅትህ ወይም የአጎትህ ልጅ በዚያ ሳምንት ስልክ ደውላ ምን ላድርግ ትልህ ይሆናልና። (ዓመታቱን በዚህ የጻፍነው በአውሮጳውያን አቈጣጠር፥ ወራቱን ግን አንተ በለመድኸው ነው።)

ይህ ነፋስ በዚያ አገር ሃሪኬን ይባላል። የሚወለደውም በሞቀ ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ፊት ሙቀት ወደ 26 ዲግሪ ተኩል ሲደርስ ውኃው በብዙ ይተናል፤ እንፋሎቱም ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን የተሸከመውን ሙቀት ይለቃል፤ በዚያም ሙቀት አየሩ ይበልጥ ይወጣል፥ ከዙሪያውም ሌላ አየር ይስባል፥ ምድርም ስለምትዞር ነፋሱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ወራቱ ከግንቦት 24 ቀን እስከ ኅዳር 21 ቀን ነው። ሊቃውንት በአምስት ደረጃ ከፍለውታል፤ በሰዓት 178 ኪሎ ሜትር የደረሰውን ሦስተኛና ታላቅ ይሉታል፥ 252 የደረሰውንም አምስተኛ። ነገር ግን በደረጃው ቍጥር ብቻ አትታለል። ደረጃው የሚለካው ነፋሱን ነው፤ ሰውን አብዝቶ የሚገድለው ግን ውኃው ነው። ነፋሱ ባሕሩን ወደ ምድር እየገፋ ያከማቸዋል፥ ከላይም ዝናቡ ይጨመርበታል። በ1917 ሳይሆን በእኛ ዘመን፥ በ2017፥ ሃርቪ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በቴክሳስ ላይ ብዙ ቀን ቈይቶ በአንዳንድ ስፍራ ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። እግዚአብሔር ይጠብቀናል፥ ከቤታችንም አንወጣም የሚሉ ሰዎች አሉ። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስንፍና የሃይማኖትን ልብስ ለብሶ የሚናገረው ነው። ጌታችን በመቅደሱ ጫፍ ቆሞ ሳለ ራሱን ወደ ታች ይጥል ዘንድ በተፈተነ ጊዜ፥ መላእክት ይጠብቁሃል የሚለው ቃል ውሸት ነው አላለም፤ ነገር ግን አባቱን መፈታተን እንዳይገባ አውቆ አልዘለለም። ኖኅም መርከቡን የሠራው በደረቅ ምድር፥ ጎረቤቶቹ እየሳቁ ሳሉ፥ በክንድ እየለካ፥ በውስጥም በውጭም ቅጥራን እየለቀለቀ ነው። ይልቁንም የጳውሎስን ነገር ተመልከት። በመርከብ ያሉት ሁሉ እንዲድኑ በመልአክ ተነግሮታል፤ እንዲህም ሆኖ ሳለ መርከበኞቹ በታንኳ ሊሸሹ ባሰቡ ጊዜ፥ እነርሱ ከሌሉ መዳን የለም ብሎ ለመቶ አለቃው ተናገረ፤ ኋላም ረኃብተኞቹን ሁሉ እንጀራ እንዲበሉ መከራቸው። ተስፋው ከሰማይ ነበረ፤ ቀዛፊውና እንጀራው ግን ከምድር። እኔ ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቍጥር ከስብከቱ ይልቅ የእንጀራው ነገር ይገርመኛል።

የጋልቬስተንንም ከተማ ነገር ልንገርህ። ጋልቬስተን በቴክሳስ ጠረፍ በደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1900 ዓመት ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች ይኖሩባት ነበር፥ በንግድም የበለጸገች ነበረች፤ ነገር ግን ከደሴቲቱ እጅግ ከፍ ያለው ስፍራ ከባሕር በላይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በባሕሩ ዳር ግንብ ይሠራ የሚል አሳብ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። በዚያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሹም የነበረው አይዛክ ክላይን ግን በ1891 በከተማው ጋዜጣ፥ ዐውሎ ነፋስ ጋልቬስተንን በብርቱ ይጐዳል ማለት ከንቱ ቅዠት ነው ሲል ጻፈ። ሰውዬው የተማረና ትጉህ ነበረ፤ አንባቢ ሆይ፥ አላዋቂ አትበለው። ደግሞ በኩባ ደሴት፥ በሃቫና፥ ስለዚህ ነፋስ በዘመናቸው ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁ ሊቃውንት ነበሩ፤ ነገር ግን የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እነርሱን ንቆ ስለ ዐውሎ ነፋስ የሚልኩትን ቴሌግራፍ አስከለከለ። ትዕቢት በአንድ ሰው ሲሆን አንድ ቤት ያፈርሳል፤ በመሥሪያ ቤት ሲሆን ግን ከተማ።

ነፋሱ የደረሰው ቅዳሜ፥ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ነው። በማለዳ ሰዎች የባሕሩን ሞገድ ለማየት ወደ ዳርቻው ይወርዱ ነበር፤ ልጆችም በመንገዱ ላይ በተኛው ውኃ ይጫወቱ ነበር። ክላይን ቤቱን በብርቱ አሠርቶት ነበርና፥ ወደ ኀምሳ የሚሆኑ ሰዎች ከእርሱ ዘንድ ተጠጉ። ወንድሙ ኋላ እንደ ጻፈው፥ ሁሉም ወደ ከተማይቱ መካከል እንዲሄዱ ቢለምነው፥ እርሱ ቤቱ ይጸናል ብሎ፥ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረችና፥ እንቢ አለ። በማታ ማዕበሉ የሐዲዱን ድልድይ ነቅሎ እንደ መዶሻ በቤቱ ላይ ጣለው። ቤቱ ወደቀ። ከተጠጉት የዳኑት ወደ ዐሥራ ስምንት ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ ተረፉ፥ ሚስቱ ግን ሞተች። በዚያች ሌሊት በጋልቬስተን የሞቱት ብዙዎች እንደሚሉት ወደ 8 ሺህ ናቸው፤ እስከ ዛሬም በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሞት ያመጣ ሌላ ዐውሎ ነፋስ የለም።

በባሕሩ ዳር ደግሞ መነኵሲቶች የሚያሳድጓቸው የሙት ልጆች ቤት ነበረ። ውኃው በገባ ጊዜ ዐሥሩ መነኵሲቶች ልጆቹን ወደ ላይኛው ደርብ አወጧቸው፥ መዝሙርም አዘመሯቸው፤ የልብስ ማስጫውንም ገመድ ቈርጠው ልጆቹን ከወገባቸው ጋራ አሰሩ፥ ማዕበሉ ከእጃቸው እንዳይነጥቃቸው። ዐሥሩም መነኵሲቶች ዘጠና ልጆችም ሞቱ። የተረፉት በዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። ገመዱ ባይታሰር ኖሮ ሌሎች ይተርፉ ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት በዚያ ደርብ አልነበርሁምና አልፈርድም። ጥያቄው የሚገባው ለሌላ ነው፤ ይኸውም ልጆቹን በባሕር ዳር ቤት ላኖረች፥ ግንቡንም ለኋላ ላለች ከተማ። ፍቅር በመጨረሻው ሰዓት ገመድ ብቻ ቢቀረው፥ አስቀድሞ ያልተሠራ ሥራ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ አባወራ ሆይ፥ እመቤትም ሆይ፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሚሠራውን ስሙ። በዚያ አገር መሥሪያ ቤቱ ነፋሱ ሊመጣ ይችላል ብሎ ከ48 ሰዓት በፊት፥ ይመጣል ብሎም ከ36 ሰዓት በፊት ያስታውቃል። በዚያን ጊዜ ገበያው ሁሉ ይሻማል፤ ጣውላውም ቤንዚኑም ያልቃል። ስለዚህ ለመስኮቱ የሚሆነው ጣውላ ተለክቶ ተቈርጦ አስቀድሞ ይቀመጥ። ለአንድ ሰው በቀን ወደ አራት ሊትር ውኃ፥ ለብዙ ቀን የሚበቃ፤ እሳት የማይሻ ምግብ፤ የሽማግሌው መድኃኒት፤ የልደትና የቤት ወረቀት ውኃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ። የልጆቹን እጅ የምትይዘው ማን እንደ ሆነች፥ ቤተ ሰቡ ቢለያይ ወዴት እንደሚገናኝ፥ ስልክ ቢቋረጥ በሩቅ ከተማ ለማን ወሬ እንደሚላክ፥ ይህ በማዕድ ዙሪያ ይነገር። ልጅ የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ ሥራ የተሰጠው ልጅ ግን ፍርሀቱ ይቀልለታል።

የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ከእናቶችህ ሰምተሃል። ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ሰዎች ጄነሬተር የሚባለውን ሞተር በቤት ውስጥ ወይም በበሩ አጠገብ ያስነሣሉ፤ ከእርሱ የሚወጣው አየር ያው የከሰሉ መርዝ ነው፥ ሽታም የለውም። በ2020 ሎራ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ከመታ በኋላ ከነፋሱ የተረፉ ሰዎች በዚህ መርዝ በቤታቸው ሞተው ተገኙ። ሞተሩ ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

መውጣት ያለበት ሰው ግን ይውጣ። ከውኃው ሽሽ፥ ከነፋሱ ተሸሸግ ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ ቤትህ ዝቅ ባለ ስፍራ ከሆነ ግንቡ ቢጠነክርም አያድንህም። በ2005 ካትሪና በኒው ኦርሊንስ ላይ በመጣ ጊዜ፥ ሁሉ ይውጣ የሚለው ትእዛዝ የተሰጠው ነፋሱ ሊደርስ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ነበር። የውኃው ግድብ ፈረሰ፥ ከከተማይቱም ከመቶው ሰማንያ እጅ ተጥለቀለቀ፤ ከጣሪያ ሥር ወጥተው መጥረቢያ በማጣት በዚያው የቀሩ ነበሩ። ታዲያ የቀሩት ሁሉ እልኸኞች ነበሩን? አይደሉም። መኪና የሌላቸው ብዙ ሺህ ነበሩ። ወሩም ሊያልቅ ነበርና የድኻው ኪስ ባዶ ነበረ፤ ለቤንዚንና ለእንግዳ ማረፊያ የሚከፍለው አልነበረውም። ባለ ሀብት ሆይ፥ በመኪናህ የቀረውን አንድ ስፍራ በዕቃ ከመሙላትህ በፊት ይህን አስብ። (ውሻቸውን ትተው መውጣት እንቢ ብለው የቀሩም ነበሩ፤ አንተ ትስቅ ይሆናል፥ የዚያ አገር ሸንጎ ግን በ2006 የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ስለ እንስሶቹም እንዲያስብ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ፤ ለብቸኛ ሽማግሌ ውሻው ቤተ ሰቡ ነውና።)

ፍርሀትም ያለ ሥርዐት ሲሆን ይገድላል። ከካትሪና ጥቂት ሳምንት በኋላ ሪታ የተባለው በመጣ ጊዜ፥ ከሂውስተንና ከአካባቢው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሡ። መንገዱ ሁሉ በመኪና ተዘጋ፥ ቤንዚን አለቀ፥ ሰው በፀሓይ ወደቀ። ሽማግሌዎችን የጫነ አንድ አውቶቡስ በዳላስ አጠገብ በእሳት ተቃጥሎ 23 ሰዎች ሞቱበት። ስለዚህ ውጣ ያልተባለው ሰፈር ባይወጣ ውጣ ለተባለው መንገድ መልቀቁ ነው፤ ይህም ለባልንጀራ ማሰብ ነው። በጐርፍም ውስጥ መኪና አትንዳ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ የሚሮጥ ውኃ ትንሽ መኪና ይወስዳል።

ነፋሱ ድንገት ጸጥ ቢል፥ ሰማዩም ቢከፈት፥ የነፋሱ ዓይን በላይህ ነው እንጂ አላለፈም። በ1926 በማያሚ ሰዎች ደስ ብሏቸው ወደ መንገድ ወጡ፤ ጥቂት ቈይቶ ነፋሱ ከወዲያ ማዶ ተመልሶ ብዙዎችን ገደለ።

ጋልቬስተን ግንቡን የጀመረችው በ1902 ነው፤ በ1904 የመጀመሪያው ክፍል ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተፈጸመ። ከዚያም ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶችን፥ አብያተ ክርስቲያናትንም ሳይቀር፥ በብረት እያነሡ ከበታቻቸው አሸዋ ሞሉ፤ ሰዎቹም ለዓመታት በእንጨት መረማመጃ እየሄዱ ታገሡ። በ1915 ሌላ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መጣ፤ በከተማይቱ የሞቱት እጅግ ጥቂት ሆኑ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አሮጊት እናት ከቤቴ አልወጣም፥ እዚሁ ልሙት ትላለች፤ ልጆችም እንዳያስቀይሟት ዝም ይላሉ። በነፋሱ ቀን አትከራከራት። ዛሬ፥ ቡናው ተፈልቶ ሳለ፥ አጠገቧ ተቀመጥና፦ እማዬ፥ ያን ጊዜ አንቺን ትተን አንሄድም፤ አንቺ ከቀረሽ እኛም ከነልጆቻችን እንቀራለን፤ እንግዲህ ስለ ልጆቹ ብለሽ ምን ትመክሪናለሽ በላት። ከዚያም የምትፈልገውን መጽሐፍና ነጠላዋን፥ የመድኃኒቷንም ብልቃጥ በአንድ ሻንጣ ራሷ ታኑር፤ ሻንጣውም በበሩ አጠገብ ይቀመጥ። ከማዶ ያለችውን መበለትም ጠይቃት፤ እትዬ፥ ያን ቀን ማን ይወስድሻል ብለህ። ማንም የላትም ካለችህ፥ በመኪናህ ያለውን ስፍራ ቍጠር።