መልካም ኒያ ብቻውን ይበቃልን?

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱንና አዝመራውን ትቶ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ተሰደደ። ነቀምቴም ብዙዎችን ተቀበለች። ለጥቂት ቀናት የተባለው መጠለያ ለብዙዎች የወራት መኖሪያ ሆነ። ያን ጊዜ ዚያራ ሄደን በአንድ የሸራ ድንኳን ውስጥ ያገኘናቸው ባልና ሚስት ጉዳይ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

ባል ወባ ይዞት ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ተሰጠው። በዚያው ምሽት ሚስቲቱን ብርድ ብርድ አላት፤ ነገር ግን ዝም አለች። በሁለተኛው ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ሰማት። እሱ ግማሹን ውጦ ተሽሎት ነበርና የቀረውን ለእሷ ሰጣት። ሌላ እንዳይጠይቅ «ትናንት ተቀብዬ ዛሬ ደግሞ እንዴት እጄን ልዘርጋ?» ብሎ አፈረ። ሁለቱም ቀለል አላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሁለቱም እንደገና ወደቁ። ተመልሰን ስንሄድ ያገኘናቸው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው።

ውድ አንባቢያን! የዚህን ሰው ሥራ ምን እንበለው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐሽር ራሳቸው እየተቸገሩ ሌላውን የሚያስቀድሙትን አንሷሮች አወድሷል። ባልየውም ያደረገው ይህንኑ ይመስላል። ምግብ ቢሆን ኖሮ ድርጊቱ ፍጹም ያማረ ነበር፤ የሁለት ሰው ማዕድ ለሦስት እንደሚበቃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና። መድኃኒት ግን እንደ እንጀራ አይደለም። ኮአርተም ለአዋቂ ሰው 24 ክኒን ሲሆን አራት አራቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። በግማሹ ሲቆም ትኩሳቱ ይበርዳል እንጂ ተሕዋሱ ከደም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ ለሁለት የተካፈለው መድኃኒት አንዱንም አላዳነም።

ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑ እውነት ነው። ባልየው ስለ ቅን ልቡ አጅሩን ከአላህ እንዲያገኝ እንለምናለን። ይሁን እንጂ መልካም ኒያ ስሕተቱን ትክክል አያደርገውም፤ ጎጂውንም መድኃኒት አያደርገውም። በሸሪዓችን ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም የተከለከለ ነው። እውነተኛው ማስቀደም ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ፣ በነጋታው ሚስቱን ደግፎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበር። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ለበድር ሲወጡ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የታመመች ሚስቱን ሩቅያን (ረ.ዐ.) እንዲያስታምም ወደ ኋላ ቀረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በድር ላይ እንደተገኘ ሰው አጅሩንም ድርሻውንም ሰጡት። ሚስትን ማስታመም በዚህ ሚዛን የተመዘነ ሥራ ከሆነ፣ ለእሷ ሲባል እጅን መዘርጋት ምን ያሳፍራል?

ሚስቲቱንስ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «ኡስታዝ፣ ባለፈው ሲመጡ ሰብር አድርጉ፣ አታማሩ አላሉንም?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ያስተማርኩት ሐቅ ነበር፤ ግን ግማሹን ነበር የተናገርኩት። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) መከራቸውን ለጌታቸው ነግረዋል፤ ሆኖም አላህ ታጋሽ ብሎ አመስግኗቸዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሷን ባመማት ጊዜ ሕመሟን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አውጥታ ተናግራለች፤ እሳቸውም የራሳቸውን ራስ ምታት ነገሯት እንጂ አልገሠጿትም። እሳቸው (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዝዘዋል። ሕመሙን ያልተናገረ እንዴት ይታከማል? ሰብር በአላህ ውሳኔ ላይ አለማማረር ነው፤ ሕመምን ከሚረዳ ሰው መደበቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ባለ ቤቶቹ ይመለሳል። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቅርብ ሊጠይቁት ድንኳን ያስተከሉለት በመስጊዳቸው ውስጥ ነበር። እኛ ግን ወደ ድንኳኑ ምክር ይዘን ሄድን፤ ማን ታመመ፣ ማን መድኃኒት አጣ ብለን አልጠየቅንም። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። እኛ ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ እሷም ዝም ባላለች፣ እሱም ባላካፈለ ነበር።

ያን ዕለት ሁለቱንም ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ለየራሳቸው ሙሉ መድኃኒት ወስደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ። ወባ ግን ከአገራችን አልወጣም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2024 ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ምዕራብ ኦሮሚያም ክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰብርን የምናስተምር ሁሉ፣ ከምክራችን በፊት «ትኩሳት ያለበት አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያጥራልን፤ ኒያችንንም በዕውቀት ያስውብልን። አሚን።