ሳሩ የበቀለው ገደሉ ላይ ነው

«በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፤ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ተበድሮ ለከሰረ ነጋዴ ይነገራል፤ ደላላ አምኖ በባሕር ለተሰደደ ወጣትም እንዲሁ። ትርጓሜው አያከራክርም፤ ጥቅም ዓይኑን ጋረደው፣ አደጋውን ሳያስተውል ገባ ማለት ነው። ጥፋቱ በሙሉ የበሬው ነው። እኔ ግን ይህን ፍርድ ለመቀበል እቸገራለሁ። ተረቱ የሚፈተነው ገደል ባለበት አገር፣ ያውም በበልግ ነውና ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ልውሰደው።

አገሩ የጉና ተራራ አገር ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ምድሩ እየተቆረሰ ወደ በሽሎ ሸለቆ ያሽቆለቁላል። የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ጋቢ ደርቦ የወጣ መንገደኛ ስማዳ ቆላ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። በደጋውና በቆላው መካከል ያለው ገደል ነው፤ ሰውም ከብትም የሚኖረው ከገደል አፋፍ ጋር ተጎራብቶ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት ባሕረ ሐሳብ በልጉን ጸደይ ብሎ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆጥረዋል። በዚህ ወቅት መግቢያ ላይ አንድ ሳምንት እዚያ የሰነበተ ሰው የአየሩን ጠባይ ለመናገር ይቸግረዋል። ሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉና ራስ ላይ ደመና ይቋጠርና በረዶ ያወርዳል፤ ማሳው ለአፍታ ነጭ ሆኖ ወዲያው ይጠቁራል። ረቡዕ ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ አጥሩን እንኳ ይሸፍነዋል። ሐሙስ ነፋሱ ይነሣና የረጠበውን አፈር ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ነገ ይመለስ፣ ወይም እስከ ግንቦት ይጥፋ፣ ማንም እርግጠኛ አይደለም። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ጠቅልሎ ይገባል። የበልጉ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ከሰሜን ከሚዘልቀው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገጥም የሚገኝ ስለሆነ ይቆራረጣል፤ አንዱን ጋራ አርሶ ማዶውን ይዘለዋል።

እንግዲህ በሬው ያለው በዚህ ሳምንት ውስጥ ነው። በጋውን ቃርሚያ ለቅሞ፣ ጭድ በልቶ ከርሟል፤ አሁን ጭዱም አልቋል። ጎኑ ተቆጥሮ እያለ የእርሻው ሥራ ይጠብቀዋል። ሜዳው ግማሹ ታርሷል፤ ያልታረሰው ደግሞ ከብቱ ሁሉ ሲመላለስበት ስለከረመ አንድ ሁለት ዝናብ አያለመልመውም። ቀድሞ የሚለመልመው ጥርስ ያልደረሰበት ቦታ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ውሃ የሚያዥበት የገደሉ አፋፍ።

በሬ ገደሉን አያይም የሚል ሰው አፋፍ ላይ የሚግጥ በሬን ቀረብ ብሎ ይመልከት። የፊት እግሩን አስቀድሞ ያሳርፋል፤ መሬቱ መሸከሙን ሳያረጋግጥ ክብደቱን አይጥልም። የኋላ እግሮቹን ወደ ላይ ተክሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በምላሱ ጫፍ ሳሩን ጠቅልሎ ይነጫል። ጠጠር ሲንከባለል ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ገደሉን በሚገባ አይቶታል። ያላየው በማክሰኞው በረዶ ከውስጥ የላላውን አፈር ነው፤ እሱን ደግሞ ባለቤቱም አላየም።

ተረቱ ሰው ላይ ሲነገርም ይኸው ስሕተት ይደገማል። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ እንዳለ ገብሱን የዘራ ወይም ድንቹን የተከለ የደጋ ገበሬ፣ ዝናቡ ሲጠፋበትና ዘሩ አፈር ውስጥ ሲቀር «ምን አስቸኮለው?» ይባላል። ያስቸኮለው ጎተራው ነው። የመኸሩ እህል እያለቀ ነው፤ አዲሱ እስኪደርስ ክረምቱ አለ። ከዘራ ዘሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠበቀ ደግሞ አጭሩ በልግ ያልፈዋል። በ2007 ዓ.ም. በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች በልጉ ከዳ፤ ክረምቱም በኤልኒኞ ተዛባ። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ሳር አይቶ ገደል የዘነጋ ነው ብሎ የሚናገር አንደበት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተረቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቤቱ ጭድ ከምሮ በሬውን አፋፍ ላይ የሚለቅ ሰው አለ፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ በሌላው ኪሳራ ለማትረፍ ዘሎ የሚገባም አለ። ለእነሱ ተረቱ ልክ ነው፤ ይነገራቸው። ስለዚህ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ይህ ሰው ወደ አፋፉ ሲሄድ ቤቱ ምን ነበረው? ምንም ካልነበረው ወቀሳው ሳሩን ወደ ገደሉ ወደ ገፋው ነገር ይዙር፦ ወደ ተራቆተው ጋራ፣ ወደ ጠበበው ማሳ፣ በሚያዝያ ዘር የሚያበድር ወዳልተገኘበት ቀበሌ።

ደግሞም ተረቱ «በሬ ሆይ» ብሎ ይጣራል። የሚጣራው አጠገቡ የቆመ፣ ሳሩንም ገደሉንም አንድ ላይ የሚያይ ሰው ነው። በሬው ከወደቀ በኋላ የሚጣራ ሰው ለማን ይጣራል? ጎበዝ እረኛ ከብቱን አፋፍ ላይ ሲያሰማራ ራሱ በገደሉ በኩል ይቆማል፤ በገበሬውም ጉዳይ ቦታችን እዚያ ነው። በተፋሰስ ልማት የተከለሉ ጋራዎች ላይ የበቀለውን ሳር አጭዶ ለእርሻ በሬ ማድረስ ይቻላል። የሚቲዮሮሎጂ ትንበያውም «በልጉ ከመደበኛው በታች ሊሆን ይችላል» ከሚለው አልፎ ለቀበሌው ባለሙያ፣ ከእሱም ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ መድረስ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያው ዘር የጠፋበት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራው ገብስ ያስፈልገዋል፤ እሱም ሰኔ ሳይገባ፣ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ ነው።