ትርታህን አትቁጠር

ልጄ፣ ደረትህ ላይ የሚሰማህ ነገር እውነት ነው። «ዝም ብለህ ነው እንጂ ምንም የለብህም» ከሚሉህ ጋር አልስማማም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደረት ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር አካባቢ ይነዝራል፣ ራስ ያዞራል። አንተ ይህን ሁሉ «የልብ ነው» ትለዋለህ፤ ፍርሃቱ ይጨምራል፣ ልብህም ይበልጥ ይመታል።

የአጎትህ ልጅ ካረፈ ወዲህ መጀመሩ አልገረመኝም። ለቅሶ ቤት የሚወራውን አውቀዋለሁ፤ «ማታ ራቱን በልቶ፣ ሲጫወት አምሽቶ ተኛ፤ ጠዋት የለም።» አንዱ ይህን ሲል ሌላው የጎረቤቱን ያነሣል። ድንኳን ውስጥ ይህን ሲሰማ የሰነበተ ወጣት ልቡን ማዳመጥ ቢጀምር አይፈረድበትም።

ያኔ ሐኪም ዘንድ መሄድህ ትክክል ነበር። የልብ ሐኪሟ ኢሲጂ አንሥታ፣ በአልትራሳውንድም አይታ «ልብህ ደህና ነው» አለችህ። እፎይታው ግን እስከ ራት እንኳ አልቆየም፤ «ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ?» ብለህ እናትህን ጠየቅሃት። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫ ባገኘህ ቁጥር ለጊዜው ትረጋጋለህ፤ አእምሮህ ግን የዳንኩት ስለጠየቅሁ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞርህ ጎዳህ። የላቦራቶሪ «መደበኛ መጠን» አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከ100 ጤነኛ ሰው 95ቱ የሚያርፉበትን ክልል በመውሰድ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ አንዱ ከመስመር የመውጣት ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ታይፎይድ አለብህ ያሉህ በዊዳል ምርመራ ነው፤ ዊዳል ደግሞ የዛሬውን ሕመም የዛሬ ዓመት ከነበረው በቅጡ አይለይም። ትኩሳት ለሌለው ሰው ያን ማዘዛቸው አሳዝኖኛል። ለታይፎይዱ ብለው የሰጡህ አንቲባዮቲክ ሆድህን ሲያውከው ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ነው ብለህ ጎግል ላይ አደርክ።

አሁን እንዲህ አድርግ። አንድ ሐኪም ያዝ፤ ባመመህ ቁጥር ሳይሆን በቀጠሮ ቀን ሂድ። ትርታህን ለመቁጠር ጣትህን አንገትህ ላይ ልታሳርፍ ስትል 10 ደቂቃ አዘግየው፤ ከለመድክ ወደ 20 አሳድገው። መጀመሪያ ጭንቀቱ ይብስብሃል፤ ሳትለካ ብትቆይ ግን ራሱ ይወርዳል፤ ይህን በገዛ ዓይንህ ማየት አለብህ። ሊፍቱን ተውና ደረጃውን ውጣ። ልብህ ይምታ፤ ሥራው ነው። ስለ በሽታ የሚያወሩ የቲክቶክ ቪዲዮዎችንም ተዋቸው።

ይህን ስል ሁሉንም ናቅ እያልኩህ አይደለም። ስትንቀሳቀስ የሚጀምር ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ጭምቀት፣ ከትንፋሽ እጥረትና ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመም፣ ራስን ስቶ መውደቅ፤ እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂድ።

ብቻህን ካቃተህ ሕክምና አለው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች 444 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንዳንተ ያለውን ስለ ጤና የሚያድር ጭንቀት ከተለመደው ክትትል ይልቅ እንደሚቀንስ፣ ውጤቱም ሁለት ዓመት እንደሚዘልቅ አሳይቷል። ሕክምናውን ከሰጡት መካከል ነርሶች ነበሩበት፤ ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ለፈጀሁት ለእኔ ደስ የሚል ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት ማለት አማኑኤል ሆስፒታል መተኛት ማለት አይደለም፤ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ታክሞ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ጠበልህንም አትተው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እናትህንም አነጋግሬያታለሁ። ከእንግዲህ «ደህና እመስላለሁ?» ስትላት አትመልስልህም፤ ስለጠላችህ እንዳይመስልህ፣ እኔ ነኝ ያልኳት። ጠዋት ጠዋትም «ደረትህስ?» አትልህም፤ እንዴት አደርክ ብላ ቁርስህን ታቀርብልሃለች።