ቀይዋ መብራት

ቮልስ መኪና አለችኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1968 ሞዴል ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት እህቶቿ የመጨረሻዋ በዚያው አቆጣጠር በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ የእኔዋ አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ትወጣ ነበር። ዛሬም ትወጣለች።

ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ ትጠፋለች፤ ዲናሞው ሥራውን ሲያቆም ትበራለች። ቮልስ ላይ ነገሩ ከባትሪም ያልፋል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ነው የሚያዞረው። ውኃ የለ፣ ራዲያተር የለ። ቺንጋው ተበጥሶ ዝም ብላችሁ ከነዳችሁ ሞተሩን ደህና ሰንብት በሉት። ስለዚህ ያቺ መብራት ስትበራ "ቁም!" ማለቷ ነው።

አንድ ሰሞን በራችብኝ። መጀመሪያ ፈዘዝ ብላ፣ በኋላ ዓይኗን አፍጥጣ። መኪናዋ እስከሄደች ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ ነዳሁ። ሲሰለቸኝ አንድ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ የሚሠራ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና፣

"ጋሼ፣ ቺንጋው ደህና ነው። ዲናሞው ግን ቢፈታ ይሻላል" አለኝ።

"መቼ ይደርሳል?"

"ነገ ከሰዓት።"

"ነገማ አይሆንም! ለጊዜው ይቺ መብራት ትጥፋልኝ፤ ዓይኔን ወጋችው።"

ልጁ አየኝ። ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። "እሺ" አለና አምፖሏን ነቀላት። የሻይ ብዬ ሰጠሁት። ምን አለፋችሁ፣ መኪናዬ የተሠራች ያህል ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት!

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ማታ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ እየሄድኩ ነው። የዝናብ መጥረጊያው መጎተት ጀመረ። የፊት መብራቱ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆነ። ከዚያ መንገድ መሃል ሞተሩ ቀጥ አለ፤ የኋላ መብራቱም አብሮ ጠፋ። ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ ለጥቂት ስቶን አለፈ። አበው "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር" ይላሉ። እኔ እውነት የምትናገረውን ዝም አሰኝቼ ነው የመሸብኝ።

በማግስቱ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ አስጎተትኳት። ዲናሞው ሞቷል ብዬ ለአዲስ የሚሆን ገንዘብ ተበድሬ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ከዲናሞው ሁለቱን ካርቦኖች አወጡ። ካርቦን ማለት የሚሽከረከረው መዳብ ላይ እያረፈ፣ እየተፋቀ ኤሌክትሪኩን የሚቀበል ነገር ነው። የእኔዎቹ አልቀው መዳቡን መንካት ትተዋል። መዳቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፣ አዲስ ካርቦን አስገቡ፣ ሞተሩን አስነስተው ለኩ። 14 ቮልት አካባቢ። ያ ሁሉ መከራ በሁለት ቁራጭ ካርቦን!

ቀጥለው ዳሽቦርዱን አዩና "ይቺን አምፖል ማነው ያወጣት?" አሉኝ።

"አንድ ጋራዥ ያለ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ እኮ ባለሙያ ጠፋ፣ አባባ" አልኩ።

ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም አብሬ መጠጥኩ!

ወዳጆቼ፣ ከዚያ ሌሊት ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው። ልጁ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። መብራቷን አስጥፌ የከፈልኩት እኔ፣ ስሙን ያጠፋሁትም እኔ።

ልጁ ጥፋት የለበትም አልልም። አደጋውን እያወቀ እጁን ማስገባት አልነበረበትም። ግን እስቲ እንፍረድ፤ እንጀራው በደንበኛ እጅ ያለ ልጅ ስንት ጊዜ "እምቢ" ማለት ይችላል? አለቃው ፊት "ዕቅዱ አልተሳካም" ያለ ሠራተኛ ምን ይገጥመዋል? አባቱን "ጠጥተህ አትንዳ" ያለ ልጅስ? "እውነተኛ ሰው ጠፋ" እያልን እናማርራለን። እውነተኛው ሲመጣ ግን ፊታችንን አጥቁረን የምንመልሰው እኛው ነን። የሰው እንጀራ በእጁ ያለ ሰው "ዋሹኝ" ብሎ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ መኮሳተሩ ይበቃል። ለዚህ ነው የእንዲህ ያለው ውሸት ትልቁ ድርሻ የተናጋሪው ሳይሆን የሰሚው ነው የምለው።

ሽማግሌው ከሳጥናቸው ሌላ አምፖል አውጥተው ገጠሙ። ቁልፉን ሲያዞሩት ቀይዋ በራች። ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች።

"አየህ ልጄ፣ ይቺ መብራት የምትጠፋው እንዲህ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ወደ ልጁ ጋራዥ ሄድኩ። ሳማሁህ ከረምኩ ማለቱ ከበደኝና "ዲናሞው ተሠራ" አልኩት።

"ካርቦን ነው አይደል፣ ጋሼ? ያኔም ጠርጥሬ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።