እንግዳ በጥቅሙ ሲመዘን

ሰውን የምንቀበለው ስለሚጠቅመን ነውን? ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ በተባለ ጊዜ አንድ ትልቅ ሕዝብ ለወራት ተከራከረ፤ ይህችን ጥያቄ ግን ደፍሮ የጠየቃት ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፖላንድና ሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ከነባሮቹ አባላት አብዛኞቹ የሥራ በራቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘጉባቸው። ብሪታንያ ወዲያው ከፈተች። ሠራተኛውም ጎረፈ። ቦስተን የምትባለውን የሊንከንሻየር ከተማ እንመልከት። በዙሪያዋ ያለውን የአትክልት እርሻ የሚለቅሙት በብዛት እነዚሁ መጤዎች ሆኑ። ጁን 23 ቀን 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በመላ አገሪቱ 51.9 በመቶው “እንውጣ” ሲል፣ በቦስተን ከ75 በመቶ በላይ ሆነ። ይህን ጥላቻ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቤት ኪራይ የተወደደበት፣ የሐኪም ቤት ወረፋ የረዘመበት ሰው “አገሪቱ አተረፈች” ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ትርፉ የገባው ሌላ ሰው ቤት ነዋ!

“እንውጣ” ባዮቹ ግን ይህን እውነተኛ ቅሬታ በውሸት አቆሸሹት። በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ እንልካለን ብለው በአውቶቡስ ላይ ጻፉ፤ ተቀናንሶ የሚቀርላቸውን ገንዘብ አልጠቀሱም። በስሎቬንያ ድንበር የተነሳ የስደተኞች ፎቶ ለጥፈውም ሕዝቡን አስፈራሩ። እነዚያ ስደተኞች ከኅብረቱ አባላት የመዘዋወር መብት ጋር ምን አገናኛቸው?

“እንቆይ” ባዮቹስ? “መጤው ከሚወስደው የሚከፍለው ግብር ይበልጣል” አሉ። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይኸኛው ነው። ስለጠቀመ ይቆይ የተባለ ሰው ሲያረጅ ወይም ሲታመም ምን ሊባል ነው? ሁለቱም ወገን የያዘው አንድ ሚዛን ነበር፤ የተጣሉት በንባቡ ላይ ነው።

የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው ነጃሺ ዘንድ በመጡ ጊዜ፣ ጥቅሙ የነበረው ስደተኞቹን በማስረከብ በኩል ነበር። ንጉሡ ግን አስቀድሞ ስደተኞቹን አስጠርቶ አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ ስጦታውን መለሰ።

ወደ ብሪታንያ እንመለስ። በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። የመንግሥቱን በጀት የሚገመግመው ነፃ መሥሪያ ቤት፣ በኅብረቱ ብትቆይ ኖሮ ይኖራት ከነበረው ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል እንደሚጎድል ገምቷል። በ2021 የከባድ መኪና ሾፌር ጠፍቶ በየነዳጅ ማደያው ሰልፍ ሲሆን፣ መንግሥት ለሾፌሮች 5 ሺህ የጥቂት ወራት ቪዛ አዘጋጀ። ነርሱና የአረጋውያን ተንከባካቢው ከሕንድና ከናይጄሪያ ተጠራ። እስከ 2023 አጋማሽ በነበረው አንድ ዓመት የገባው ሰው ከወጣው በ900 ሺህ በላይ በለጠ። መጤ ይቀንሳል ተብሎ የተወጣበት ነገር እንዲህ ሆነ!

ቀጥሎ የመጣውን ልብ በሉ። ከማርች 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመጡ ተንከባካቢዎች የትዳር ጓደኛቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው እንዳይገቡ ተከለከለ። የሌላውን አባት እንድታጥብና እንድታጎርስ የተጠራች እናት የራሷን ልጅ ትታ ትመጣ ነበር ማለት ነው። ልጇን ለቤት ሠራተኛነት ወደ አረብ አገር የላከች እናት ይህን ውል ሳትማር ታውቀዋለች።