ሰርጎ ገብ ወንጀለኛ ነውን ወይስ ጀግና?

በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ፊት ካላቸው ቃላት አንዱ «ሽፍታ» የሚለው ነው። ሽፍታ ማለት በአንድ ወገን መንገድ ዘግቶ የነጋዴን ጭነት የሚገፍ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ፍርድ ቢጎድልበት ለማንም አልገዛም ብሎ ዱር የገባ ማለት ነው። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ሽፍታ ነበሩ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀም ከጠላት ወረራ አስቀድሞ ሸፍተው እንደ ነበረ ይነገራል፤ በአምስቱ ዓመት አርበኛ ሆኑ፤ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ፤ ዛሬ ደግሞ ስማቸው ከጀግኖች ተራ ይነሣል። ስለዚህ በኮምፒዩተር መረብ ሰብረው ገብተው፣ ይህንንም የምናደርገው ስለ አገር ወይም ስለ እውነት ነው የሚሉት ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው ወይስ ጀግኖች ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንግዳው መሣሪያው ነው።

በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. «ሳይበር ሆረስ» የተባለው የግብፅ ቡድን የመንግሥታችንን መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች አጠቃ። ምክንያቱም የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ውሃ መሞላት ነበረ። በተሰበሩት ገጾች ላይ በፈርዖን አምሳል የተሣለ ዐፅም ተለጥፎ ከሥዕሉም ጋር ዛቻ ተጽፎ ታየ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጥቃቱን ማክሸፉን አስታወቀ። ግድቡም በዚያው ክረምት የመጀመሪያውን ውሃ ያዘ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ወሬው ጂንካ በደረሰ ጊዜ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ከጎናችን የነበሩት ወጣቶች «ለእኛስ እንዲህ ያሉ ልጆች የሉንም ወይ?» ሲሉ ሰማን። እኛም በልባችን ያው ምኞት እንዳደረብን አንሸሽግም። ነገር ግን ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህ ምኞት አሳፈረን። ካይሮ ላይ ጀግና የተባለውን እኛ ወንጀለኛ ካልነው፣ የእኛ ልጅ ያንኑ ሥራ ቢሠራ በምን ሚዛን ጀግና እንለዋለን?

በደቡብ ኦሞ ቆላ ይህ ነገር ጥንትም የታወቀ ነው። ከጎረቤት ጎሣ ከብት ነድቶ የመጣ ጎበዝ በመንደሩ በዘፈን ይቀበሉታል፤ ከብቱ በተነዳበት መንደር ግን ልቅሶ ነው። በሥራችን ምክንያት ከዕርቅ ጉባኤ ላይ ተገኝተን ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ጀግናው ማን ነው ብለው አይከራከሩም፤ ስንት ከብት ሄደ፣ ማን ሞተ፣ ማንስ ይካሥ ብለው ነው የሚጠያየቁት። እኛ ተምረናል የምንለው ሰዎች በስም ስንጣላ፣ እነዚያ ፊደል ያልቆጠሩ አባቶች ጉዳቱን ይቈጥራሉ።

በጉዳት የሚቈጠር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። በሰኔ ወር መጨረሻ 2007 ዓ.ም. «ፊኒያስ ፊሸር» በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰርጎ ገብ፣ በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የነበረውን «ሃኪንግ ቲም» የተባለ ኩባንያ ሰብሮ ገብቶ 400 ጊጋባይት የሚያህል ሰነድ ለዓለም ዘረገፈው። ይህ ኩባንያ የሰው ኮምፒዩተርና ስልክ የሚሰልል መሣሪያ ለመንግሥታት ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ሱዳን እንደ ነበረች፣ በጊዜው የነበረው የእኛም መንግሥት እንደ ነበረ ከሰነዱ ታየ። በውጭ አገር ይሠራ በነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ ስለላ መሞከሩን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስቀድመው በ2006 ዓ.ም. ጽፈው ነበር፤ ኩባንያው ደንበኞቹ እነማን እንደ ሆኑ ስለማይናገር ግን ነገሩ ተድበስብሶ ቆይቶ ነበር። የተሰረቀው ሰነድ ያን መጋረጃ ቀደደው። ያው ሰነድ ግን ሌላም ነገር አደረገ፤ ኩባንያው ደብቆ ይዞት የነበረው የሰበራ ዘዴ አደባባይ ሲወጣ፣ ጥቂት ቀናት ሳይቈዩ ተራ ሌቦች አንሥተው በማንም ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሠሩበት። የሰርጎ ገቡ ማንነት እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።

ስሙን መሸሸጉ ብቻውን ያስወቅሰዋል የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። በአምስቱ ዓመት የውስጥ አርበኞች ከጠላት መካከል እየኖሩ ምስጢሩን ለዱር አርበኞች ያደርሱ ነበር፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ የዚህ ሥራ ባለሟል ነበሩ። ስማቸውን እያወጁ ቢሠሩ ኖሮ ሥራው ባንድ ቀን ባለቀ ነበር። ይሁን እንጂ እነርሱ ሲያዙ እሥራቱንም ሥቃዩንም የተቀበሉት በገዛ ሥጋቸው ነው።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ምን ይላል የተባለ እንደ ሆነ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ መግባትን ራሱን ይቀጣል፤ ለምን ገባህ ብሎ አይመረምርም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 82 ወንጀሉን የሠራው በተከበረና የራሱን ጥቅም ባልፈለገ ምክንያት የሆነ እንደ ሆነ ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ቅጣቱ ይቀላል እንጂ ጥፋቱ አይፋቅም። ይህን የደነገጉ ሰዎች ነገሩን በብርቱ አስበውበታል እንላለን።

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያነሣሣን በምናውቀው በአንድ መሥሪያ ቤት የደረሰ ነገር ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ የአለቃውን ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ ከፍቶ፣ ወደ ቆላ ወረዳዎች ሳይወጡ ውሎ አበል የበሉ ሰዎችን ዝርዝር አትሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ዝርዝሩ እውነት ነበረ። ሠራተኛው ሁሉ ደስ አለው፤ ሻይ የሚጋብዘው በዛ። ዳሩ ግን በችኮላ ካተማቸው ወረቀቶች አንዱ የአንዲት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ማስረጃ ነበረ። ሴትዮዋ ከቤተ ሰቧ እንኳ የሸሸገችው በሽታ ከነስሙ ግማሽ ቀን ያህል በሰሌዳው ላይ ዋለ፤ ወሬውም በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ደረሰ።

በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ነበርንና ጉዳዩ በእጃችን ገባ። ወጣቱ ስለ ውሎ አበሉ ሲጠየቅ ቀና ብሎ መለሰ፤ ስለ ሴትዮዋ ወረቀት ሲጠየቅ ግን «አላየሁትም ነበር» አለና አቀረቀረ። እኛም የአንድ ወር ደመወዝ እንዲቀጣ ፈረምን፤ በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ የውሎ አበሉ ሂሳብ በኦዲተር እንዲመረመር አጻፍን። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በፊተኛው፣ ሌላው በኋለኛው ተቈጥተው አኩርፈውን ወጡ።

ሴትዮዋ ወደ ሌላ ወረዳ ዝውውር ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም። ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ወጣቱ ከቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ ባላስታውሳት ይሻላል ሲል አማከረን። ሂድ አልነው። አልሄደም። ትናንት በመንገድ ላይ አግኝተነው፣ አሁንም ስልክ ቁጥሯን እንዳልጠፋበት ነገረን።